የምግብ ተቋማት ምዝገባ በአሜሪካ

ለአሜሪካ ገበያ የሚቀርብ ምግብ የሚያመርት፣ የሚያሽግ ወይም የሚያከማች ተቋም በአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) ዘንድ መመዝገብ አለበት። እርሻዎች፣ ምግብ ቤቶችና ቸርቻሪ ሱቆች ግዴታው የለባቸውም፤ አዲስ አበባ ላይ በርበሬና ሽሮ አሽጎ ወደ ዋሽንግተን የሚልክ ድርጅት ግን አለበት፤ አሜሪካ ውስጥ የሚገኝ ወኪልም መሰየም ይኖርበታል። ሻጭም ገዢም «ተመዝግቧል» ማለትን «ተፈትሾ አለፈ» አድርገው ይረዱታል። ስህተቱ ከሕጉ አመጣጥ ይታያል። ሕጉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2002 ሲሆን፣ መነሻው የ2001 የሽብር ጥቃት የፈጠረው ሥጋት ነው፤ ምግብ ቢመረዝ ከየት እንደወጣ ቶሎ እንዲታወቅ ተፈለገ። ስለዚህ መዝገቡ የያዘው ባለቤቱን፣ አድራሻውንና የሚመረተውን የምግብ ዓይነት ነው። ቅጹን የሚሞላው ባለቤቱ ራሱ ነው፤ ቁጥሩ የሚሰጠው ያለ ቅድመ ምርመራ፣ ያለ ክፍያ ነው። ኤፍዲኤ የምዝገባ ሰርተፍኬት አይሰጥም። ግድግዳ ላይ በወርቃማ ማኅተም ተሰቅሎ የሚታየው ወረቀት የግል አማካሪዎች ያተሙት ነው።

ማጣራቱም ቀላል አይደለም። የሕክምና መሣሪያ አምራቾች መዝገብ ለማንም ክፍት ሲሆን፣ የምግብ ተቋማቱ ዝርዝር ግን በሕግ ለሕዝብ ዝግ ነው። ገዢ ያለው አማራጭ ቁጥሩንና የመጨረሻውን እድሳት ማረጋገጫ ከአምራቹ መጠየቅ ነው፤ ምዝገባው ለሁለት በሚካፈል ዓመት ሁሉ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ካልታደሰ ይሰረዛልና። ካልተመዘገበ የውጭ ተቋም የመጣ ጭነት ወደብ ላይ ይያዛል።

«ደኅንነትን ካላረጋገጠ ምን ይረባል?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ምዝገባው የሚረባው ሊታገድ በመቻሉ ነው። በ2011 የወጣው የምግብ ደኅንነት ማዘመኛ ሕግ ለኤፍዲኤ ምዝገባን የማገድ ሥልጣን ሰጠ፤ የታገደ ተቋም ምርቱን በአሜሪካ ማከፋፈል አይችልም። ሥልጣኑ መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው በኖቬምበር 2012 ሲሆን፣ ከሳልሞኔላ ወረርሽኝ ጋር የተያያዘው የኒው ሜክሲኮው የኦቾሎኒ ቅቤ አምራች ሰንላንድ ታገደ። ፋብሪካው እስከዚያች ቀን ድረስ የተመዘገበ ነበር።

የዝርዝሩ መደበቅ ሸማቹን ይጎዳል የሚለው ወቀሳ ከዚህ ይከብዳል። የምግብ ማከማቻዎችን አድራሻ ለክፉ አሳቢ አለመግለጥ ምክንያት አለው፤ የአንድን ድርጅት ቁጥር ትክክለኛነት እንኳ ማረጋገጥ አለመቻሉ ግን ለሐሰተኛ ሰርተፍኬት በር መክፈቱ አይካድም። የሚገርመው፣ የተመዝጋቢዎቹ ስም ሲደበቅ ጥፋት የተገኘባቸው ስም ይፋ ነው፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎችና ጭነታቸው ሳይመረመር ሊያዝ የሚችል የውጭ ድርጅቶች ዝርዝር ለማንም ይታያሉ። በርበሬ የሚያስመጣ ነጋዴ ከቁጥሩ ቀጥሎ ማየት ያለበት ይህን ዝርዝር ነው፤ ከላኪውም የአፍላቶክሲንና የሳልሞኔላ ምርመራ ውጤት ሊጠይቅ ይገባዋል፤ የአቅራቢውን አደጋ የመመዘን ግዴታ የተጣለው በአስመጪው ላይ ነውና።