የሰማያዊ ብርሃን አስተናጋጆች

ከካርቦን ውሕዶች በኤሌክትሪክ ኃይል ብርሃን ለማውጣት በተደረገው ረጅም ጥረት፣ ሰማያዊው ቀለም ቀድሞ ከታዩት አንዱ ነበር፤ ለመጽናት ግን የመጨረሻው ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1963 በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ማርቲን ፖፕና የሥራ ባልደረቦቹ በአንትራሲን ክሪስታል ላይ 400 ቮልት ያህል ሰጥተው ሰማያዊ ፍካት አገኙ። ይህን ያህል ቮልት የሚጠይቅ መብራት ግን ከቤተ ሙከራ ሊወጣ አልቻለም።

መፍትሔው የመጣው ከኢስትማን ኮዳክ ኩባንያ ነው። ቺንግ ታንግና ስቲቨን ቫን ስላይክ እ.ኤ.አ. በ1987 ሁለት እጅግ ስስ ንብርብሮችን ደራርበው ከ10 ቮልት በታች አረንጓዴ ብርሃን ማግኘታቸውን አስታወቁ። ከሁለት ዓመት በኋላም በንብርብሩ ውስጥ ጥቂት ማቅለሚያ መጨመር ተጀመረ። በዚህ አሠራር ብርሃን የሚሰጠው በጥቂቱ የተበተነው «እንግዳ» ሞለኪውል ነው፤ «አስተናጋጁ» የኤሌክትሪክ ቻርጁን ተቀብሎ ኃይሉን ለእንግዳው ያስረክባል እንጂ ራሱ አያበራም።

ኃይል እንደ ውሃ ከከፍታ ወደ ዝቅታ ስለሚወርድ፣ አስተናጋጁ ከእንግዳው በላይ መቆም አለበት። ለቀይና ለአረንጓዴ ይህን ማሟላት ብዙ አላስቸገረም፤ ሰማያዊ ግን ራሱ ከፍተኛ ኃይል ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የፕሪንስተንና የደቡብ ካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች የኢሪዲየም ብረት ያለበትን ሰማያዊ እንግዳ፣ ሲ.ቢ.ፒ. በተባለ አስተናጋጅ ውስጥ ሞከሩ። የእንግዳው የኃይል ደረጃ 2.62፣ የአስተናጋጁ 2.56 ኤሌክትሮን ቮልት ስለነበረ፣ ኃይሉ በሙቀት እየተገፋ ሽቅብ መውጣት ግድ ሆነበት። እ.ኤ.አ. በ2003 በሞለኪውሉ መካከል የነበሩት ሁለት የካርቦን ቀለበቶች ወደ አንድ ተቀንሰው ኤም.ሲ.ፒ. የተባለው አስተናጋጅ ሲቀርብ፣ ደረጃው ወደ 2.9 ከፍ አለ፤ ብቃቱም 7.5 በመቶ ደረሰ።

ሆኖም ከፍታው ዋጋ አስከፈለ። እንዲህ ያለው ኃይል ሞለኪውሉን አያይዞ ከያዘው ማሰሪያ ጥንካሬ ጋር የሚቀራረብ በመሆኑ፣ ኃይል የተሸከሙ ሁለት ሞለኪውሎች ሲገናኙ ማሰሪያው ሊበጠስ ይችላል። ስለዚህ በንግድ ምርቶች ዘንድ ቀዩና አረንጓዴው ወደ አዲሱ ስልት ሲሻገሩ፣ ሰማያዊው ብቃቱ ዝቅ ባለው፣ ዕድሜው ግን በረዘመው በቀድሞው ስልት ለብዙ ዓመታት ቆየ። ለዚህ ስልት ከተመረጡት አስተናጋጆች ዋነኞቹ የአንትራሲን ተወላጆች ናቸው። በ1963 ለብቻው ያበራው ሞለኪውል፣ ዘሩ ለሌላው ብርሃን ተሸካሚ ሆኖ ተመለሰ ማለት ነው። መሐንዲስ አንድን ቁስ ሲመርጥ በመጀመሪያው ቀን ድምቀቱ ብቻ ሳይሆን፣ በሺህ ሰዓታት ጽናቱም መመዘን እንዳለበት ይህ ታሪክ ያስረዳል።