አይፈለጌ ያለው ማን ነው?

በየቀኑ ከሚላኩልን የኢ-ሜይል ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ዓይናችን ሳያያቸው ተፈርዶባቸው ወደ አንድ ማኅደር ይወርዳሉ። ፈረንጆቹ ማኅደሩን «ስፓም» ይሉታል፤ እኛም «አይፈለጌ መልእክት» ብለን ተርጉመነዋል። ትርጉሙ መልካም ነው፤ ሆኖም ጥያቄ ያስነሣል። ለመሆኑ ደብዳቤው የማይፈለግ መሆኑን የወሰነው ማን ነው? በምን ማስረጃ? ይግባኙስ ለማን ይቀርባል? ብዙ ሰው ይህን የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ጉዳይ አድርጎ ያልፈዋል። በእኔ እምነት ግን ጉዳዩ የሥልጣን ጉዳይ ነው። ደብዳቤን የመለየት ሥልጣን ከተቀባዩ እጅ ወጥቶ ወደ ሩቅ ዳኛ የተሻገረበት መንገድ የራሱ ታሪክ አለው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከኮምፒዩተር ሽያጭ እስከ ዲቪ

በሜይ 1978 ጋሪ ተርክ የተባለ የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን የገበያ ሠራተኛ የኩባንያውን አዳዲስ ኮምፒዩተሮች የሚያስተዋውቅ አንድ ደብዳቤ ወደ 400 ለሚጠጉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ላከ። የተላከበት መረብ የኢንተርኔት ቀዳሚ የሆነው አርፓኔት ነበር። መረቡ በአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ገንዘብ ለምርምር የተዘረጋ ስለነበረ ቁጣው ወዲያው ተነሣ።

ሁለተኛው ክስተት ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እጅግ የቀረበ ነው። በኤፕሪል 1994 ሎረንስ ካንተርና ማርታ ሲገል የተባሉ በአሪዞና የሚሠሩ ባልና ሚስት ጠበቆች ዩዝኔት በተባለው የውይይት መረብ ከ5000 በሚበልጡ መድረኮች ላይ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ በተኑ። ማስታወቂያው ስለ ምን ነበር? ስለ ግሪን ካርድ ሎተሪ! የ1990 የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ የወለደው፣ እኛ «ዲቪ» የምንለው ዕድል ገና ሊጀመር ነበር። ጠበቆቹ ማንም ሰው ራሱ ሊያመለክት የሚችለውን ነገር በክፍያ እናስፈጽም ብለው ቀረቡ። ማስታወቂያውን የበተነላቸውም በፐርል ቋንቋ የተጻፈ አጭር ስክሪፕት ነው።

በኋላ ዓመታት በአዲስ አበባ ፎቶ ቤቶችና የጽሕፈት ቤቶች በር ላይ «ዲቪ እንሞላለን» የሚል ጽሑፍ ያላየ ማን አለ? ለአንድ የኖርዌይ ተወላጅ «ግሪን ካርድ» የሚል ቃል ያለበት ደብዳቤ ሳይከፈት ቢጣል የሚጎዳው ነገር ላይኖር ይችላል። ዕጣ ለወጣለት ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ግን ያው ቃል የዓመታት ተስፋ ነው። አንዱ ቆሻሻ ያለው ለሌላው የምሥራች ሊሆን ይችላል፤ የማጣሪያዎች ታሪክ ችግርም በሙሉ እዚህ ላይ ነው።

ቱቦና ወንፊት

መድኃኒቱ የመጣው ከዚያው ከስክሪፕት መንደር ነው። በቤል ላብራቶሪዎች በተሠራው የዩኒክስ ሥርዓት ውስጥ በ1973 በዳግ ማክኢልሮይ ሐሳብ አመንጪነት «ፓይፕ» የተባለው ዘዴ ገባ። ፓይፕ ማለት ቱቦ ነው፤ የአንዱ ፕሮግራም ውጤት ለሚቀጥለው ጥሬ ዕቃ ሆኖ ይፈስሳል። ኬን ቶምሰን የሠራው ግሬፕ ቃል ይፈልጋል፤ ሶርት ይደረድራል፤ ዩኒክ ተደጋጋሚውን አንድ ያደርጋል፣ ይቆጥራልም። እነዚህን ትእዛዞች በአንድ ፋይል ጽፎ በተራ ማስፈጸም የሼል ስክሪፕት ይባላል።

የዩኒክስ የደብዳቤ ሣጥንም ለዚህ የተመቸ ነበር። ኤምቦክስ በሚባለው አቀማመጥ ደብዳቤዎቹ ሁሉ በአንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ተከታትለው ይቀመጣሉ። ስለዚህ ማንኛውም ተጠቃሚ በጥቂት መስመሮች ላኪዎቹን መቁጠር፣ ርእሶቹን መደርደር፣ የማይፈልገውን ለይቶ ማውጣት ይችል ነበር። በ1990 ስቴፈን ቫን ዴን በርግ የጻፈው ፕሮክሜይል ደግሞ ደብዳቤው ገና ሲደርስ ባለቤቱ የጻፈውን ደንብ የሚፈጽም በር ጠባቂ ሆነ። በጃንዋሪ 2001 ለዚሁ ተግባር መደበኛ ቋንቋ ሲወጣ ስሙ «ሲቭ» ተባለ፤ ወንፊት ማለት ነው። ስያሜው ለእኛ ሩቅ አይደለም። ዱቄት የምትነፋ እናት ወንፊቷ ላይ የቀረውን ሳታይ አትደፋውም።

በዚህ ዘመን ሕግ አውጪውም፣ ዳኛውም፣ ተጎጂውም አንድ ሰው ነበር። ደንቡ በግልጽ ጽሑፍ ስለሚቀመጥ ስሕተት ሲገኝ የትኛው መስመር እንዳጠፋ ይታወቃል።

ነጥብና ግምት

ይሁን እንጂ በቃል ላይ የቆመ ደንብ ብዙ አልዘለቀም። ላኪዎቹ ቃላቱን እያጣመሙና በፊደል መካከል ነጥብ እየጨመሩ አመለጡ። በ2001 ጀስቲን ሜሰን ያወጣው ስፓም አሳሲን በአንድ ምልክት ብቻ መፍረድን ትቶ ለእያንዳንዱ ምልክት ነጥብ ሰጠ፤ ድምሩ 5 ሲደርስ ደብዳቤው ይፈረድበታል። በኦገስት 2002 ፖል ግራሃም ባሳተመው ጽሑፍ ደግሞ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው እንግሊዛዊ ሰባኪ ቶማስ ቤይዝ ያስቀመጠው የዕድል ስሌት ለዚህ ሥራ ይበቃል ሲል አሳየ። ግራሃም ስሌቱ ከእያንዳንዱ ሰው የራሱ ደብዳቤዎች ቢማር የተሻለ መሆኑን አጥብቆ ተናግሯል። ለአንዱ ቆሻሻ የሆነው ለሌላው እንደማይሆን ያውቅ ነበርና።

ስፓም አሳሲን አንድ የሚመሰገን ልማድ አለው። የፍርዱን ምክንያት በደብዳቤው ራስጌ ላይ ይጽፋል፤ የትኛው ምልክት እንደተገኘበት ያስነብባል። የደብዳቤውን ቋንቋ ገምቶ ባልተፈቀደ ቋንቋ የተጻፈውን በነጥብ የሚቀጣ አማራጭም አለው። አማርኛ ከሚያውቃቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ነገር ግን አስተዳዳሪው እንግሊዝኛን ብቻ ፈቅዶ ከሆነ የእናት ደብዳቤ በቋንቋው ምክንያት ይቀጣል። ያም ሆኖ ቅጣቱ ተጽፎ ስለሚገኝ መከራከር ይቻላል።

ከዚያ ወዲህ ጂሜይልን የመሰሉ ታላላቅ አገልግሎቶች የብዙውን ሰው ሣጥን ጠቀለሉ። ጂሜይል ሥራ የጀመረው በኤፕሪል 2004 ነው። የእነዚህ ማጣሪያዎች ብቃት የሚካድ አይደለም፤ ያለ እነርሱ ኢ-ሜይል ራሱ በጎርፉ በሰጠመ ነበር። ዳኛው ግን ከዓይን ራቀ። በጂሜይል የተፈረደበት ደብዳቤ ከ30 ቀን በኋላ ይሰረዛል፤ ላኪው «ደርሷል» ብሎ ይኖራል፤ ተቀባዩ «አልተላከልኝም» ብሎ ይታዘባል።

እዚህ ላይ የራሳችንን ትዝታ ማንሣት ግድ ይላል። ከምርጫው ማግሥት በጁን 2005 በአገራችን የተቋረጠው የሞባይል አጭር የጽሑፍ መልእክት የተመለሰው በሴፕቴምበር 2007 ነበር። ያ በመንግሥት እጅ የሆነ ክልከላ ነው፤ ስፓም ማጣሪያን ከዚያ ጋር አንድ ማድረግ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ነገር ግን በዚያ ጊዜ መልእክቱ እንደማያልፍ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ዝም ብሎ የሚቀብር ማጣሪያ ግን መቅበሩንም አይናገርም።

የዓርብ ምሽት ዝርዝር

እኔ በበኩሌ የድሮውን ዘዴ ከአዲሱ ጋር አብሬ እጠቀማለሁ። ደብዳቤዎቼን ከነስፓም ማኅደሩ ወደ ራሴ ኮምፒዩተር አወርዳለሁ። በየሳምንቱ ዓርብ ምሽት 20 መስመር የማይሞላ የሼል ስክሪፕት ማኅደሩን ያነብባል፤ ላኪንና ርእስን ያወጣል፤ ይደረድራል፤ ከአድራሻ መዝገቤ ጋር ያመሳክራል፤ የማውቀው ሰው ከተገኘ ደብዳቤውን ወደ ዋናው ሣጥን ይመልሳል። የቀረውን በአንድ ገጽ ዝርዝር አድርጎ ያቀርብልኛል። ሳላየው የሚሰርዘው የለም።

አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ግን አንድ እንቅፋት አለ። ኢ-ሜይል በተፈጠረ ጊዜ የታሰበው ለእንግሊዝኛ ፊደል ስለነበረ የግዕዝ ፊደል በርእስ መስመር ላይ ብዙውን ጊዜ የሚጓዘው ተሸፍኖ ነው። «ሰላም» የሚለው ባለ ሦስት ፊደል ቃል በዩኒኮድ አጻጻፍ 9 ባይት ይይዛል፤ ቤዝ 64 በተባለው ዘዴ ደግሞ ወደ 12 የላቲን ሆሄያትና አኃዞች ይለወጣል። ስለዚህ ግሬፕ «ሰላም»ን በጥሬው ፋይል ውስጥ ቢፈልግ አያገኘውም። ስክሪፕቱ አስቀድሞ ርእሱን መፍታት አለበት።

ከእነዚህ ዝርዝሮች በአንዱ ላይ የአንዲት የቀድሞ ተማሪዬን ስም አየሁ። በአዲስ አድራሻ ስለጻፈች መዝገቤ አላወቃትም፤ ርእሱ ግን በአማርኛ የድጋፍ ደብዳቤ ጥያቄ ይላል። ለነፃ ትምህርት ዕድል ማመልከቻዋ ሦስት ቀን ቀርቷት ነበር። ደብዳቤውን በጊዜ ጻፍኩላት። ማጣሪያው ለምን እንደፈረደባት ግን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

ሁሉም ሰው ስክሪፕት ይጻፍ አልልም፤ ሁሉም ሰው ጠበቃ እንዲሆን እንደማይጠየቅ ሁሉ። ነገር ግን በአገራችን ልማድ «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው ይቆማል። በእኛ ስም በደብዳቤዎቻችን ላይ የሚፈርዱትም ቢያንስ ይህን ያህል ይገባናል፤ የተፈረደበትን ያሳዩን፣ ምክንያቱን ይጻፉልን፣ የመጨረሻውን ቃል ለባለቤቱ ይተዉለት። እስከዚያው አንባቢዬ ዛሬ ማታ የስፓም ማኅደሩን ከፍቶ አንድ ጊዜ ቢመለከት አይከፋም።

ቸር ይግጠመን።