የእንፋሎት ማሞቂያ በቀደምት ሕንፃዎች፤ ሙቀቱ ስለ መዛነፉና ስለ ፈውሱ

የእንፋሎት ማሞቂያ ማለት፣ ከሕንፃው ሥር በተተከለ ቦይለር የፈላው ውሃ እንፋሎት ሆኖ በብረት ቧንቧ እየወጣ፣ በየክፍሉ ወደ ቆሙት ራዲያተሮች በመግባት ቤቱን የሚያሞቅበት ሥርዓት ነው። ራዲያተርን በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. በፒተርስቡርግ መጀመሪያ የሠራው ፍራንዝ ሳን ጋሊ ነው ይባላል፤ በኒውዮርክም ከመንገድ በታች በተዘረጋ ቧንቧ እንፋሎትን ለደንበኞች ማደል የተጀመረው በ1882 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም በእኛ አቈጣጠር በ1874 ዓ.ም. ነው።

በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች ብርድ የሚባረረው በምድጃና በከሰል ስለ ሆነ፣ ከጅማው በቾ ቦሬ ወይም ከአጋሮ ተነሥቶ በዋሽንግተን ወይም በኒውዮርክ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ለሚከራይ ወገናችን ይህ ብረት እንግዳ ነው። እንግዳነቱም የሚጸናበት፣ የጎረቤቱ ቤት ከሙቀቱ ብዛት በጥር ብርድ መስኮት ሲያስከፍት የእርሱ ራዲያተር ግን እንደ በረደ ሲያድር ነው፤ የዚህ አንቀጽ ሐተታም ስለዚሁ ነው።

የእንፋሎት ኃይሉ በባሕርዩ የተሰወረ ነው። አንድ ግራም ውሃ በበረዶ መቅለጫ ካለው ቅዝቃዜ ተነሥቶ እስከ መፍላት ለመድረስ 100 ካሎሪ ሲበቃው፣ ከፈላ በኋላ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ግን 540 ካሎሪ ያህል ይሻል፤ ይህንንም ሁሉ ሙቀት በውሣጤው ተሸክሞ ተጉዞ፣ ከቀዝቃዛው ብረት ጋር ተገናኝቶ ወደ ውሃነት ሲመለስ ይለቀዋል። ከጀበና አፍ የሚወጣው እንፋሎት ከፈላው ውሃ ይልቅ እጅን አጥብቆ የሚያቃጥለው ስለዚሁ ነው።

እንግዲህ ቦይለሩ በማይሠራበት ሰዓት ቧንቧውና ራዲያተሩ ባዶ መስለው ቢታዩም በአየር የተሞሉ ናቸውና፣ ይህ አየር መውጫ ካላገኘ እንፋሎቱ መግቢያ አያገኝም። ስለ ሙቀት መዛነፍ ከሚቀርበው አቤቱታ አብዛኛው መንሥኤው የእሳት ማነስ ሳይሆን የአየር መታገድ ነው። ከቦይለሩ የራቀው ክፍል የሚጎዳውም፣ በዋናው ቧንቧ መጨረሻ ያለው ትልቁ አየር ማውጫ በዝገትና በዘመን ብዛት ሲደፈን፣ እንፋሎቱ በቅርብ ወዳሉት ራዲያተሮች ገብቶ እነርሱን ካጠገበ በኋላ፣ የሙቀት መቈጣጠሪያውም ያለበት ክፍል ስለ ሞቀ ብቻ እሳቱን ስለሚያጠፋ ነው።

ስለዚህ መርማሪው አስቀድሞ እሳቱ ሲነሣ የትኛው ራዲያተር ቀድሞ፣ የትኛው ዘግይቶ እንደሚሞቅ ይመልከት። ብዙዎቹ ዘግይተው ከሞቁ ነገሩ የዋናው ቧንቧ ነው፤ አንዱ ብቻ ከቀዘቀዘ ግን ደዌው በዚያው በአንዱ ነው። አንድ ቧንቧ ብቻ በሚገባበት ራዲያተር ላይ እንፋሎቱ ከሚገባበት በር (ቫልቭ) በተቃራኒ በኩል ትንሽ አየር ማውጫ አለች፤ እርስዋም አየሩን አሳልፋ እንፋሎቱ ሲደርስባት የምትዘጋ ስትሆን፣ ቤት ቀቢዎች ደጋግመው ቀለም ስለሚቀቧት ቀዳዳዋ ይደፈናል። ቦይለሩ ጠፍቶ ራዲያተሩ ፈጽሞ ከበረደ በኋላ ባለሙያው ፈትቶ በአፉ ቢነፋባት አየር ሊያልፍባት ይገባል፤ ካላለፈ በአዲስ ትለወጥ፤ ዋጋዋም ትንሽ ነው።

በዚሁ ዓይነት ራዲያተር እንፋሎቱ የሚገባውም፣ ውሃው የሚመለሰውም በአንዱ መንገድ ነውና፣ በሩ ፈጽሞ ይከፈት ወይም ፈጽሞ ይዘጋ እንጂ እኩሌታ አይተው፤ እኩሌታ ሲከፈት ውሃው ታግዶ ቧንቧው በመዶሻ እንደ ተመታ ይጮኻል። አሮጌ ወለል ሲሰምጥ ራዲያተሩ ያዘነብላል፤ ስለዚህ ውሃ ልክ አኑሮ ወደ በሩ በኩል ጥቂት ዝቅ እንዲል በማዶ እግሩ ሥር ሽብልቅ ማግባት ነው። ሁለት ቧንቧ ባለው ሥርዓት ግን፣ በመውጫው ያለው እንፋሎቱን አግዶ ውሃውንና አየሩን የሚያሳልፈው መሣሪያ ተከፍቶ ከቀረ፣ እንፋሎቱ ወደ መመለሻው ቧንቧ አልፎ የሌሎቹን አየር መውጫ ይዘጋል፤ አንዱ ታሞ ሌላው የሚቀጣውም በዚህ ነው።

በዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው አለ። የሕንፃ ባለቤቶች አቤቱታ በሰሙ ጊዜ የቦይለሩን ግፊት ከፍ ያስደርጋሉ፤ ይህ ገንዘብ ማባከን ነው። ለመካከለኛ ሕንፃ በካሬ ኢንች 2 ፓውንድ ወይም ከዚያ ያነሰ ግፊት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን አየር ማውጫዎቹን ይጎዳል እንጂ የታገደውን መንገድ አይከፍትም። ራቁታቸውን የቀሩትን ቧንቧዎች በሙቀት መከላከያ መሸፈን እጅግ ይረዳል፤ ነገር ግን አሮጌው ሽፋን ለሳንባ አደገኛ የሆነ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል ያልሠለጠነ ሰው አይንካው።

የኒውዮርክ ከተማ ሕግ ከኦክቶበር 1 እስከ ሜይ 31፣ ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት፣ በአፍኣ ያለው ሙቀት ከ13 ዲግሪ ሴልስዬስ ገደማ ሲያንስ በቤት ውስጥ 20 ዲግሪ፣ ሌሊትም 17 ዲግሪ ያህል ሙቀት እንዲኖር አከራዩን ያስገድዳል። ስለዚህ ቤቱ የበረደበት ተከራይ የየሰዓቱን ሙቀት በቴርሞሜትር እየለካ ከጻፈ በኋላ ለአከራዩ፣ እርሱም ካልሰማ ለከተማው አስተዳደር ያመልክት። በአገር ቤት ልማድ ከሰል አቀጣጥሎ በተዘጋ ክፍል ማደርን ግን ፈጽሞ አያስበው፤ ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የሌለው ሆኖ የተኛውን ሰው ሳያነቃው ይገድላል።