የዕቃ ማጠቢያ ማሽን የበር ጎማ ላይ የሚወጣ ሻጋታ፦ ለጤና ያለው ስጋትና አጸዳዱ

የዕቃ ማጠቢያ ማሽንዎን (ዲሽ ዋሸር) በር ሲከፍቱ የታፈነ ሽታ ይመጣል? በበሩ ዙሪያ ባለው ጎማ እጥፋት ውስጥስ ጥቁር ወይም አረንጓዴ ነገር ያያሉ? ይህ አብዛኛውን ጊዜ ሻጋታ ነው። በአሮጌ ማሽኖች ላይ በጣም የተለመደ ሲሆን፣ ጤነኛ ሰው ላይ ከባድ ችግር የሚያስከትለው ከስንት አንዴ ነው። ነገር ግን በቤትዎ ውስጥ አስም ያለበት ወይም የበሽታ መከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ካለ በጊዜ ማጽዳት ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ከሻጋታው ይልቅ ጉዳት የሚያደርሰው የተሳሳተ አጸዳድ ስለሆነ፣ ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ያንብቡ።

ሻጋታው ለምን ጎማው ላይ ይወጣል?

ሻጋታ ለማደግ እርጥበት፣ ምግብና እረፍት ይፈልጋል። የበሩ ጎማ ሦስቱንም ያገኛል። ማሽኑ ሲያጥብ የሚረጨው ውሃ የጎማውን እጥፋትና የበሩን የታችኛውን ጠርዝ በደንብ አያገኛቸውም። ቅባት፣ የምግብ ፍርፋሪና ቆሻሻ ውሃ እዚያ ይጠራቀማል። በሩ ተዘግቶ ሲቆይ ደግሞ እርጥበቱ መውጫ ያጣል። ጎማው ሲያረጅ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ሻጋታውም ብሩሽ በማይደርስበት ስንጥቅ ውስጥ ይደበቃል።

«ማሽኑ በሙቅ ውሃ ስለሚያጥብ ሻጋታ አይኖረውም» የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በስሎቬኒያ ተመራማሪዎች የሚመራ ቡድን ከ18 አገሮች የተሰበሰቡ የ189 ማሽኖችን የበር ጎማ መርምሮ በ62 በመቶዎቹ ላይ ፈንገስ አግኝቷል። ከእነዚህ ከግማሽ በሚበልጡት ላይ የነበረው ኤክሶፊያላ የተባለ ጥቁር እርሾ ነው። ይህ ፈንገስ ሙቀትን፣ ጨውንና ጠንካራ ሳሙናን ይቋቋማል። ስለዚህ ማሽኑን ባዶውን በሙቅ ውሃ ማስኬድ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ጎማው በእጅ መጽዳት አለበት።

ስጋቱ ለማን ይበልጣል?

ፈንገስ ተገኘ ማለት ቤተሰቡ ይታመማል ማለት አይደለም። ሆኖም የሚከተሉት ሰዎች ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል፦

• አስም ወይም የሻጋታ አለርጂ ያለባቸው፦ ማስነጠስ፣ የዓይን ማሳከክ፣ ሳል ወይም ሲተነፍሱ የሲርሲርታ ድምፅ ሊመጣባቸው ይችላል።
• ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ያለባቸው፣ በተለይ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ፦ ኤክሶፊያላ በእነዚህ ታካሚዎች ሳንባ ውስጥ ሊገኝ እንደሚችል ይታወቃል።
• የካንሰር መድኃኒት (ኬሞቴራፒ) የሚወስዱ፣ ኩላሊት ወይም ሌላ አካል የተተከለላቸው፣ እንዲሁም የበሽታ መከላከል አቅምን የሚቀንስ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ።

እነዚህ ሰዎች ሻጋታውን ራሳቸው ማጽዳት የለባቸውም። ሌላ ሰው ያጽዳላቸው፤ በሚጸዳበት ጊዜም ከወጥ ቤት ርቀው ይቆዩ። ታካሚው እርስዎ ከሆኑ እርዳታ መጠየቅ ይሉኝታ የሚያስይዝ ነገር አይደለም፤ የሕክምናዎ አንድ አካል አድርገው ይዩት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• የጎማ ጓንት፣ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ፣ ከተቻለም የዓይን መከላከያ መነጽር
• ለብ ያለ ውሃና የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና
• አሮጌ የጥርስ ብሩሽና ሦስት ወይም አራት ንጹሕ ጨርቅ
• ነጭ አቼቶ
• ቆሻሻውን የሚጥሉበት ፌስታል

አጸዳዱ ደረጃ በደረጃ

1. ማሽኑ ሥራ ላይ ከነበረ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። ከዚያ ኤሌክትሪኩን ያጥፉ። መስኮት ይክፈቱ። ልጆችን ከወጥ ቤት ያስወጡ።

2. ዕቃ መደርደሪያዎቹን ያውጡ። ጎማው አብዛኛውን ጊዜ ከላይና በሁለቱ ጎኖች ይዞራል፤ ከበሩ ግርጌ ደግሞ ብዙ ማሽኖች ላይ ሌላ ጎማ አለ። ይህ የታችኛው በጣም የሚቆሽሸውና ብዙ ሰው የሚረሳው ነው።

3. መጀመሪያ በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ቅባቱንና ፍርፋሪውን ይጥረጉ። በደረቅ ብሩሽ አይፈትጉ፤ ደረቅ ሻጋታ ሲፈተግ ብናኙ ወደ አየር ይነሣል።

4. የጎማውን እጥፋት በጣትዎ ገልጠው በውስጡ በብሩሽ ይፈትጉ። በብዙ ማሽኖች ላይ ጎማው ቦይ ውስጥ የገባ ስለሆነ በእጅ ተጎትቶ ይወጣል። የማሽንዎ መመሪያ ከፈቀደና በቀላሉ ከወጣ አውጥተው ጎማውንም ቦዩንም ያጽዱ። እምቢ ካለ በግድ አይጎትቱ፤ ከተቀደደ ውሃ ያፈስሳል።

5. ጨርቅ በአቼቶ ነክረው እጥፋቱ ውስጥ ያስገቡና ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያቆዩት። ከዚያ እንደገና ይፈትጉ።

6. በንጹሕ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ደጋግመው ያጥቡ። አቼቶ ጎማው ላይ ሲሰነብት ጎማውን ያጎዳል።

7. ከማሽኑ ወለል ላይ ያለውን ማጣሪያ አውጥተው በሳሙና ይጠቡ። ሽታው ብዙ ጊዜ ከዚያም ይመጣል።

8. ሁሉንም በደረቅ ጨርቅ ያድርቁ። የተጠቀሙባቸውን ጨርቆችና ብሩሹን በፌስታል አሥረው ይጣሉ። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።

9. ማሽኑን ባዶውን በጣም ሙቅ በሆነው ፕሮግራም አንድ ጊዜ ያስኪዱ። ሲጨርስ እንፋሎቱ እስኪበርድ በሩን አይክፈቱ።

አቼቶና ቤኪንግ ሶዳን አንድ ላይ ማደባለቅ የተለመደ ቢሆንም ብዙ አይጠቅምም። አረፋው ያጸዳ ይመስላል እንጂ አንዱ የሌላውን ኃይል ያጠፋዋል። ቤኪንግ ሶዳን በጥቂት ውሃ ለውሰው ለብቻው እንደ መፈተጊያ መጠቀም ይችላሉ።

በረኪናን በተመለከተ

አብዛኛውን ጊዜ በረኪና አያስፈልግም። የማሽኑ ውስጠኛ ክፍል ከአይዝጌ ብረት (ስቴንለስ ስቲል) የተሠራ ከሆነ ብረቱን ስለሚበላው አይጠቀሙ። ውስጡ ፕላስቲክ ከሆነና ሻጋታው በሳሙናና በአቼቶ ካልለቀቀ በሌላ ቀን፣ አቼቶው ሙሉ በሙሉ ታጥቦ ከወጣ በኋላ፣ 4 የሻይ ማንኪያ (20 ሚሊ ሊትር ገደማ) በረኪና በ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው በጨርቅ ጎማው ላይ ብቻ ይቀቡ። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ካቆዩ በኋላ በብዙ ውሃ ያጥቡ። በጠርሙሱ ላይ ያለው መመሪያ የተለየ መጠን ካዘዘ እሱን ይከተሉ።

አደገኛ ማስጠንቀቂያ፦ በረኪናን ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ፤ ክሎሪን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። አሞኒያ ካለባቸው የመስታወትና የወለል ማጽጃዎች ጋር ሲቀላቀልም ሌላ መርዛማ ጋዝ ይፈጠራል። በተለያየ ጊዜ ቢጨምሯቸውም አንዱ ሳይታጠብ ሌላው ከደረሰበት ውጤቱ ያው ነው።

ብዙዎቻችን «ሽታው ካልከበደ አላጸዳም» ብለን እናምናለን። በሰው ቤት በጽዳት ሥራ የተሰማሩ እህቶችና ወንድሞችም በጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ ሁለትና ሦስት ማጽጃ ቀላቅለው እንዲጠቀሙ የሚታዘዙበት ጊዜ አለ። ጉሮሮ የሚከረክር፣ ዓይን የሚያስለቅስ ሽታ የንጽሕና ምልክት አይደለም፤ ሳንባዎ እየተጎዳ መሆኑን የሚናገር ማስጠንቀቂያ ነው።

ጋዝ ከተነሣ ለማጽዳት ወይም ለመድፋት አይሞክሩ። ሁሉም ሰው ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ። ዓይን ውስጥ በረኪና ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ይጠቡና ወደ ሕክምና ይሂዱ።

ጥቁረቱ አልለቅ ካለስ?

በነጭ እርጥብ ጨርቅ ይፈትኑት። ጨርቁ ላይ ጥቁር ወይም አረንጓዴ ነገር ከወጣ ሻጋታው አልጠፋም፤ ማጽዳቱን ይድገሙ። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ ጎማው ብቻ ከጠቆረ፣ የቀረው ቀለሙ ሊሆን ይችላል።

ጎማው ከተሰነጠቀ፣ ከደረቀ፣ ውሃ ካፈሰሰ ወይም ሻጋታው በጥቂት ሳምንት ውስጥ እየተመለሰ ካስቸገረ መቀየሩ ይሻላል። የማሽኑን ሞዴል ቁጥር በበሩ ጠርዝ ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ ወስደው ለመለዋወጫ ሻጭ ይስጡ። በኪራይ ቤት የሚኖሩ ከሆነና ማሽኑ የአከራዩ ከሆነ ፎቶ አንሥተው በጽሑፍ ያሳውቁ። በቤቱ ውስጥ ታካሚ ካለ ይህንንም ይግለጹ።

እንዳይመለስ

• ዕቃውን ካወጡ በኋላ በሩን ገርበብ አድርገው ይተዉት። ትንሽ ልጅ ካለ ግን ቢላዋና ሳሙና ማሽኑ ውስጥ አይተዉ።
• ጎማውንና የበሩን ግርጌ በየሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ያድርቁ።
• ወጥና ቅባት የበዛበትን ሳህን ከማስገባትዎ በፊት ትርፍራፊውን ያራግፉ።
• ማጣሪያውን ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ያጽዱ።
• ለረጅም ጊዜ ከቤት የሚወጡ ከሆነ ማሽኑን አድርቀው፣ በሩን ገርበብ አድርገው ይሂዱ።

መቼ ሐኪም ማማከር ይገባል?

ከማሽኑ ሲርቁ የሚሻልዎት፣ ሲመለሱ የሚነሣብዎት ሳል ወይም የአፍንጫ ፈሳሽ ካለ፣ ወይም የአስም መንፊያዎን (ኢንሄለር) ከወትሮው በበለጠ የሚጠቀሙ ከሆነ ለሐኪምዎ ይንገሩ። ስለ ሻጋታው መጥቀስዎን አይርሱ።

የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ ወይም አካል የተተከለለት ሰው የሰውነቱ ሙቀት 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከደረሰ ወይም ካለፈ፣ መንስኤው ሻጋታ ይሁን ሌላ፣ እስኪነጋ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደሚታከምበት ተቋም ይደውሉ።

የሚከተሉት ከታዩ አምቡላንስ ይጥሩ፦ የትንፋሽ ማጠር እየባሰ መሄድ፣ ዓረፍተ ነገር ጨርሶ መናገር አለመቻል፣ የከንፈር መጥቆር፣ በመንፊያ ያልተሻለ አስም፣ ወይም ጋዝ ከተነፈሱ በኋላ የማያቋርጥ ሳልና የደረት ሕመም። በአሜሪካ 911፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112፣ በእስራኤል 101፣ በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። በአሜሪካ የመርዝ መቆጣጠሪያ ማዕከል ስልክ 1-800-222-1222 ሲሆን ሌሊትም ቀንም ይሠራል፤ አስተርጓሚ መጠየቅም ይችላሉ።

ይህ ጽሑፍ ለአጠቃላይ ግንዛቤ የቀረበ ነው። የሐኪምዎን ምክር አይተካም።