ከገበቴ እስከ ሴራሚክ፦ የገላ መታጠቢያ ወለል በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች

በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ቤት የሚያሠራ ሰው የገላ መታጠቢያውን ወለል ሴራሚክ ያስነጥፍ ወይስ ከፋብሪካ አንድ ወጥ ሆኖ የሚመጣውን የሻወር ትሬ ያስገጥም የሚለው ጥያቄ የቅርብ ጊዜ ቢመስልም፣ በቦታው የሚሠራ ወለልና ተሠርቶ የሚመጣ ዕቃ ጎን ለጎን የኖሩበት ታሪክ ረጅም ነው፤ በዚህም ታሪክ፣ ብዙዎች ከሚገምቱት በተቃራኒ፣ ወደ ቤት ቀድሞ የገባው ተሠርቶ የሚመጣው ዕቃ ነው።

በፍል ውሃዋና ፋብሪካው እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ በሚያሽገው የማዕድን ውሃዋ የምትታወቀው አምቦ፣ ገላ መታጠብን ከቤት ይልቅ ከምንጭ ጋር ያስተሳሰረች ከተማ ናት። በ1879 ዓ.ም. የእቴጌ ጣይቱ በፊንፊኔ ፍል ውሃ አጠገብ መስፈር ለአዲስ አበባ መመሥረት ምክንያት እንደሆነው ሁሉ፣ አምቦም ሰው ከሩቅ እየተጓዘ ለፈውስ የሚነከርባት ስፍራ ሆና ኖራለች። ምንጭ ዳር የሚታጠብ ሰው ድንጋይ ላይ ቆሞ ውሃው ቁልቁል ስለሚወርድለት ወለልም ፍሳሽም አያሳስበውም።

ቤት ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነበር፤ በጭቃ ተመርጎ ወለሉ በእበት የተለቀለቀ ቤት ውሃ ሲፈስበት ስለሚላቆጥ፣ ውሃውን ከመሬቱ የሚለይ ዕቃ ያስፈልግ ነበር። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚሠራው ሰፊ የእንጨት ዕቃ፣ ማለትም ገበቴ፣ እንግዳ እግሩን የሚታጠብበት፣ ሕፃንም ገላው የሚታጠብበት ሆኖ አገልግሏል፤ በኋላ በቆርቆሮና በፕላስቲክ ሳፋ ሲተካም እጣቢው ተሸክመው ደጅ የሚደፉት ነበር። መገጣጠሚያ የሌለው፣ ውሃ የማያሳልፍና ከወለሉ የተለየ መሆኑ የዛሬውን ትሬ የገበቴ የሩቅ ዘመድ ያደርገዋል።

በቦታው የሚሠራው ወለል የመጣው ከሲሚንቶ ጋር ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን የድሬዳዋ ፋብሪካ ከተቋቋመ በኋላ ሲሚንቶ እየተስፋፋ ሲሄድ፣ ሊሾ የሚባለው፣ ፊቱ በማለስለሻ ታሽቶ የሚጠናቀቅ የሲሚንቶ ወለል በከተማ ቤቶች ተለመደ፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ በራሱ በምዕራብ ሸዋ የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ ማምረት ሲጀምር ደግሞ ጥሬ ዕቃው ከደጃፍ የሚገኝ ሆነ። ያም ሆኖ የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ስለማይችል መታጠቢያው ለረጅም ጊዜ ከዋናው ቤት ተነጥሎ፣ ከማድ ቤቱና ከመጸዳጃው ጋር በጓሮ በሚሠራው ሰርቪስ ውስጥ ቆይቷል። በግንባታ የታወቀው የአምቦ ድንጋይም ሸካራ ስለሆነ እግር ባያንሸራትትም፣ አሸዋማ ድንጋይ እንደመሆኑ ውሃ ስለሚጠጣ ለቤት ውስጥ ሻወር አይመችም።

ብሎኬት ጭቃን ሲተካ ሻወሩ ወደ ዋናው ቤት ገባ፤ የሀዋሳው ታቦር ሴራሚክ ፋብሪካ ካመረተው አንስቶ ከውጭ እስከሚገባው ድረስ ሴራሚክ በየከተማው ተስፋፋ፤ ከብረት፣ ከሸክላ ወይም ከፋይበር የሚሠራው ትሬም ተከተለ። በምርጫው ላይ ብዙ ሰው የሚመዝነው ውበትንና ዋጋን ነው፤ ወሳኙ ግን ከሥር ያለው ነው። ሴራሚክም ሆነ በመካከሉ የሚሞላው ነጭ ሲሚንቶ ውሃን ሙሉ በሙሉ የሚያግድ ስላልሆነ፣ ውሃን የሚያቆመው ከንጣፉ በታች የሚደረገው ውሃ መከላከያ ሲሆን፣ ወለሉም በአንድ ሜትር ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ፍሳሹ ካላዘነበለ ውሃ ይቋጥራል። ትሬ ይህን ተዳፋት ከፋብሪካ ይዞ ይመጣል፤ ሆኖም ከሥሩ በሞርታር በደንብ ካልተደገፈ ፋይበሩ ሲረገጥ ይረግባል፣ ከፍሳሽ ቱቦው ጋር የሚገናኝበት ቦታም ይላቀቃል።

ይህ በሴራሚክና በትሬ መካከል ያለው ልዩነት ከምንም በላይ የሚታየው በምዕራብ ሸዋዋ ጊንጪ ከተማ ዙሪያ ነው። በዚያ የሚገኘው መረሬ፣ ማለትም ብዙ ሸክላ ያዘለው ጥቁር አፈር፣ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደግሞ እጅ እስከሚያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። በላዩ የተዘረጋ ወለል ከአፈሩ ጋር ሲነሳና ሲወርድ በመጀመሪያ የሚሰነጠቀው በሴራሚኮቹ መካከል ያለው መስመር ነው፤ በዚያ የሰረገው ውሃም አፈሩን ይበልጥ ያሳብጠዋል። አንድ ወጥ ትሬ እንዲህ ያለ መስመር ባይኖረውም፣ ከሥሩ ያለው ቱቦ ሲናጋ ጉዳቱ ተሸፍኖ ስለሚቆይ ግድግዳው ረጥቦ እስኪታይ ድረስ ባለቤቱ አያውቅም። ስለዚህ ጥቁሩን አፈር ቆርጦ አውጥቶ ግንበኞች ሰሌክት በሚሉት የተመረጠ አፈር መሙላትና በደንብ መጠቅጠቅ ከሁለቱም ምርጫዎች ይቀድማል፤ ሴራሚክ የሚመርጥም ንጣፉ ከመለጠፉ በፊት ፍሳሹን ደፍኖ ወለሉን ውሃ ሞልቶ ማሳደርና በማግስቱ መጠኑ መጉደል አለመጉደሉን ማየት አለበት፤ ምክንያቱም ሴራሚኩ ከተለጠፈ በኋላ የሚገኝ ስንጥቅ ንጣፉን ሳይፈነቅሉ አይጠገንም።