የመሬት ግብር እና የትምህርት ቤት በጀት፤ ከደብረ ታቦር ሲታይ

ለአንድ ትምህርት ቤት ግምት የሚያወጣ መሐንዲስ የድንጋዩን፣ የባሕር ዛፉንና የቆርቆሮውን ዋጋ ደምሮ ሲጨርስ ሥራው የተጠናቀቀ ይመስለዋል። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣና ማን እንደሚያዝበት ግን የግምቱ ወረቀት አይናገርም። በጉና ተራራ ዙሪያ በሚገኙት በፋርጣ፣ በእስቴና በጋይንት ይህ ጥያቄ ረጅም ታሪክ አለው፤ ታሪኩም የሚጀምረው ከመሬት ግብር ነው።

በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር ዐዋጅ መሬቱን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ ከፍሎ ባለመሬቱ በጋሻ የሚከፍለውን ሲወስን፣ በጌምድርን፣ ጎጃምንና ትግሬን ከዚህ አሠራር አውጥቶ በ1927 ዓ.ም. በነበረው ግብራቸው እንዲቀጥሉ አደረገ። የአገሩ ባለርስት ቃላድ የተጣለበት መሬት ከእጁ እንዳይወጣ ስለሚሠጋ መለካትን አጥብቆ ይቃወም ነበርና ውሳኔው እፎይታ ሆነለት። ከ3 ዓመት በኋላ፣ በ1940 ዓ.ም.፣ የትምህርት ግብር ታወጀ። ግብሩ በመሬት ላይ የተጣለ ሲሆን፣ በየጠቅላይ ግዛቱ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለዚያው አገር የአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውልና የአካባቢ የትምህርት ቦርድ እንዲያስተዳድረው ተደነገገ።

ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ገበሬው የከፈለው ብር ርቆ ሳይሄድ በአገሩ ይውላልና። ዳሩ ግን መሬቱ ተለክቶ በጋሻ የሚገብር አገር ብዙ ሲሰበስብ፣ ግብሩ በአሮጌው ልክ ጸንቶ የቀረ አገር ጥቂት ሰበሰበ፤ በጀቱም እንደዚያው ሆነ። ቃላድን ያስቀረው ውሳኔ ትምህርት ቤቱንም አሳነሰው ማለት ነው። ባለርስቱን ግን በዚህ መውቀስ አይገባም፤ ርስቱን አስከብሮ ልጁን የሚያስተምርበትን ሌላ መንገድ ያቀረበለት አልነበረም።

በኋላም በስዊድን መንግሥት ርዳታ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በየአገሩ መሠራት ሲጀምሩ፣ የአካባቢው ሕዝብ ከወጪው ድርሻውን እንዲያዋጣ ይጠየቅ ነበር። ለሙያችን የሚያኮራ ሥራ ነው። ሆኖም ከወረታ ወደ ወልድያ የሚዘልቀው፣ በተለምዶ የቻይና መንገድ የሚባለው ጎዳና ገና ባልተሠራበት ዘመን ለደጋው ሲሚንቶና ቆርቆሮ ማድረስ ብቻውን ከባድ ወጪ ነበር።

በ1964 ዓ.ም. ሴክተር ሪቪው እየተባለ የሚጠራው የትምህርት ጥናት የአገሪቱን ሒሳብ በአንድነት መረመረ። በዚያን ጊዜ ለአንደኛ ደረጃ ከደረሱት ልጆች ትምህርት ቤት የሚገባው ከ5 አንድ እንኳ አይሞላም ነበር። ጥናቱ በነበረው ወጪ ሁሉንም ማዳረስ አይቻልም ብሎ፣ አስቀድሞ ለሁሉም የ4 ዓመት ትምህርት እንዲሰጥ፣ የላይኛው ደረጃ ዕድገት ግን እንዲገታ ሐሳብ አቀረበ። ሰነዱ ከአንድ ዓመት በላይ ከሕዝብ ዐይን ተሰውሮ ቆየ። በ1966 ዓ.ም. ወሬው ሲሰማ የወሎ ረኃብ አገሩን አስደንግጦት፣ የነዳጅ ዋጋም ንሮ ነበር። የካቲት 11 ቀን መምህራንና የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። ወላጆች ከጥናቱ የተረዱት አንድ ነገር ነው፤ የድኻ ልጅ ከ4ኛ ክፍል እንዳያልፍ ሊደረግ ነው የሚል። መንግሥትም ዕቅዱን አቆየው።

እኔ እንደሚመስለኝ ሒሳቡ ከማንም ይልቅ የሚጠቅመው 1ኛ ክፍል እንኳ በአቅራቢያው ለሌለው ለጋይንት ገበሬ ልጅ ነበር። የተሰማው ግን ትምህርት ቤት የነበረው የከተማ ሰው ድምፅ ነው፤ ምንም ያላገኘው ወገን ስለሚቀርበት ነገር የሚጮህበት መድረክ አልነበረውም። ይህን ስል ተቃዋሚዎቹን አላዋቂዎች ማለቴ አይደለም። ለልጃቸው የሚታቀደውን ሳያዩ ዕመኑ የተባሉ ወላጆች ቢጠራጠሩ የሚደንቅ አይሆንም።

ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ወረዳዎች በቀመር የተደለደለ ጥቅል በጀት ይቀበላሉ፤ አብዛኛውን የሚወስደው የሠራተኛና የመምህራን ደመወዝ ነው። ስለዚህ የመማሪያ ክፍል ሲያስፈልግ ድንጋዩ፣ እንጨቱና ጉልበቱ ዛሬም ከሕዝቡ ይጠየቃል። እኛ ግምት ስናወጣ ይህን መዋጮ በገበያ ዋጋ ተምነን በራሱ ዓምድ ብንጽፈውና ግምቱ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ቢነበብ፣ ድንጋይ ተሸካሚው ከትምህርት ቤቱ ወጪ ስንቱን እጅ እንደከፈለ በቁጥር ያውቀዋል።