ሁለት ፊልሞች የዘለሉት ዘመን፦ ቢስማርክና ወለጋ

በታኅሣሥ 1940 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) «ቢስማርክ» የተባለ ፊልም በርሊን ላይ ለእይታ በቃ። አዘጋጁ ቮልፍጋንግ ሊበናይነር፣ የጀርመኑን መሪ ቢስማርክን ሆኖ የተጫወተው ፓውል ሃርትማን ነው። ታሪኩ ከ1862 ተነሥቶ በ1871 ቬርሳይ ላይ የጀርመን ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ሲታወጅ ያበቃል። ምክር ቤት የሚበትን፣ የጋዜጣን አፍ የሚዘጋ፣ ብቻውን ቆርጦ የሚወስን መሪ ያሳየናል። ተመልካቹ በቢስማርክ ውስጥ ሂትለርን እንዲያይ ታስቦ እንደተሠራ አያጠራጥርም። ያው አዘጋጅ በ1942 ኤሚል ያኒንግስን ይዞ ሁለተኛ ፊልም ሠራ፤ ይህኛው ከ1888 ጀምሮ ቢስማርክ በ1890 ከሥልጣን እስኪሰናበት ያለውን ይተርካል።

በሁለቱ መካከል 17 ዓመት ተዘሏል። ለእኛ የሚበልጠው ጉዳይ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ከኅዳር 1884 እስከ የካቲት 1885 ቢስማርክ በርሊን ላይ የአውሮፓ መንግሥታትን ሰብስቦ ስለ አፍሪካ አነጋገረ፤ አንድም የአፍሪካ መንግሥት አልተጠራም። ጉባኤው ሳይበተን ጣልያን ምጽዋን ያዘች። ኮንጎም በዚያው ሰሞን የቤልጂጉ ንጉሥ የሊዮፖልድ ሆነች። ያኔ በወለጋ የነቀምቴው ገዢ ሞሮዳ በከሬ ለራስ ጎበና ገብረው በሸዋው ንጉሥ በምኒልክ ሥር ካደሩ ገና ጥቂት ዓመት ነበር።

የዚያ ጉባኤ ዕዳ ወለጋ ደረሰ። ምጽዋ ላይ የተጀመረው የጣልያን ጉዞ በ1936 ኢትዮጵያን በወረራ ያዘ፤ የ1940ው ፊልም በርሊን ሲታይ ነቀምቴም፣ የቦጂዋ ቢላም በጣልያን እጅ ነበሩ። ነፃ ለማውጣት ከምዕራብ ከመጡት መካከል ደግሞ በቤልጂግ መኮንኖች የሚታዘዙ የኮንጎ ወታደሮች ይገኙበታል። በመጋቢት 1941 አሶሳንና ጋምቤላን ያዙ። ከዚያ ከቢላ ወደ ደቡብ ምዕራብ ወዳለችው ሰዮ፣ ዛሬ ደምቢ ዶሎ ወደምንላት ከተማ ወጡ። ከአገራቸው እጅግ ርቀው፣ ስንቅ እያጠራቸውና በሽታ እየጣላቸው ለወራት ተዋጉ። እነዚህ ሰዎች፣ አገራቸው በበርሊን ጉባኤ ሰሞን ያለ ፈቃዷ ለአንድ ንጉሥ የተሰጠችባቸው፣ በታሪካችን ከጥቂት መስመር በላይ ይገባቸዋል። በሐምሌ 1941 መጀመሪያ፣ ፊልሙ በወጣ በሰባት ወሩ ገደማ፣ የጣልያኑ ጄኔራል ጋዜራ ከሌሎች ጄኔራሎች ጋር ሰዮ ላይ ለቤልጂጉ ጄኔራል ዢሊያር እጁን ሰጠ።